የፋቂው ልጅ ሽምግልና ሄዱ

ወይዘሮ የሺወርቅ ሮም ከገቡ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን «አባትሽ ምን ነበሩ?» ላላቸው «የቆዳ ነጋዴ» ይላሉ። ቆዳው እውነት ነው፤ ንግዱን ግን እሳቸው ናቸው የጨመሩት። አባታቸው ደምለው ጎጃም ውስጥ ፋቂ ነበሩ፤ ቆዳ አልፍተው የሚያድሩ፣ ጎረቤት ልጁን የማይድርላቸው።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የሚንከባከቧት አሮጊት ሲኞራ ናት። ዱሮ ታሪክ አስተማሪ ነበረች፤ እግሯን ሲያሹላት ስለ ኤርሌቫ አወራቻቸው። የቆዳ ፋቂ ልጅ ነበረች ይባላል፤ ከኖርማንዲው መስፍን ዊልያምን ወለደች፣ እሱም አድጎ እንግሊዝን ገዛ። ጠላቶቹ ታዲያ ግንብ ላይ ቆዳ ሰቅለው በእናቱ ወገን ሰደቡት።

«ምን አደረገ?» አሉ።

«እጅና እግራቸውን አስቆረጠ።»

ወይዘሮ የሺወርቅ ልጃቸውን አሸብርን አሰቡ። እሱ እንኳን የሰው እጅ ሊያስቆርጥ፣ ሽንኩርት ሲከትፍም ያለቅሳል።

አሸብር ሊዋምን ሊያገባ ነው። በወጉ ሦስት ሽማግሌ ወደ አባቷ ወደ አቶ ተኽለብርሃን መላክ አለበት። የሮም ሽማግሌ ደግሞ የሚገኘው ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ የቤት ሠራተኛው ሁሉ የሚያርፈው ያን ጊዜ ነዋ! በዕለቱ ሦስተኛው ሽማግሌ ቱርኖ፣ ማለት የሥራ ተራ፣ ገባባቸው። «አሎራ፣ እንግዲያው እኔ እሞላለሁ» ብለው ወይዘሮ የሺወርቅ ተነሡ። የሙሽራው እናት ሽማግሌ ስትሆን ታይቶ ይታወቃል? ኧረ በጭራሽ።

አሸብር የሊዋም አባት እስከሚኖሩበት ኤስኲሊኖ ሰፈር ድረስ ሸኝቷቸው፣ «እማዬ፣ ነጋዴ በይ እሺ? ካወቁ ሊዋምን አይሰጡኝም» ብሎ ደጅ ቀረ።

ገና ተቀምጠው ሳይደላደሉ አቶ ተኽለብርሃን «የልጁ አያት ማን ናቸው?» አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ፈጠን ብለው ደምለውን የመቶ በቅሎ ጌታ አደረጓቸው። ሁለተኛው ደግሞ ርስት ጨመሩላቸው። ወይዘሮ የሺወርቅ ሰሙ፣ ሰሙ፣ በዚያ ሁሉ ሀብት መሀል አባታቸውን ፈልገው አጧቸው። ከፋቸው።

«የለም» አሉ። «አባቴ ፋቂ ነበሩ። ያሳደጉኝ ቆዳ ፍቀው ነው።»

አቶ ተኽለብርሃን «ወግ ነውና ዛሬ እሺ አልልም፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ተመለሱ» አሉ። ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረውም፣ «እናንተ እንኳ ቅሩ» አሉና፣ ለወይዘሮ የሺወርቅ፣ «እርስዎ ግን ይምጡ። ልጄን ብሰጥ የምሰጠው ለእርስዎ ነው» አሏቸው።

ወደ ሰፈራቸው ወደ ፒኜቶ ሲመለሱ ትራሙ ውስጥ ሁሉንም ለአሸብር ነገሩት። እሱም፣ «እማዬ፣ አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አላቸው። በሃያ ስምንት ዓመቱ ገና ዛሬ መጠየቁ ነው። ሊነግሩት አፋቸውን ቢከፍቱ እንባ ቀደማቸው፤ መውረጃቸውም አለፈ።