ጀርባቸውን ለመቅደሱ

ከቡራዩ ሱሉልታ መመላለስ ሴትዮዋን በየቀኑ ቁርሳቸውን ያስከፍላቸዋል፤ የታክሲው ሂሳብ የሚወጣው ከዚያው ነውና። ከነጠላቸው ሥር እጅጌው የተጠቀለለ የሯጭ ቱታ ለብሰዋል።

በሱሉልታው ቤተ ክርስቲያን ቄሱ ደብዛቸው ለጠፋ ወጣቶች ምሕላ ሲያደርሱ ሕዝቡ “እግዚኦ!” እያለ ይሰግዳል። ሴትዮዋ ግን ደጁ ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ። ታክሲ በቆመ ቁጥር ወደ አስፋልቱ ራመድ ይሉና አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ።

“እማማ፣ ጀርባዎን ለመቅደሱ ሰጡ እኮ!” አለቻቸው አንዲት ዘማሪት።

“እኔም ከሰገድኩ ልጄ ሲያልፍ ማን ያየዋል? እዚሁ ሱሉልታ ለልምምድ እንደወጣ ቀረ እኮ፣ የኔ ዓለም።”

ምሕላው ሲያልቅ የወጪውን ሁሉ ነጠላ ጫፍ ይይዛሉ። እናንተንም ቢያገኟችሁ የሚሉት ይህንኑ ነው፦ “የክርስትና ስሙ ኃይለ ገብርኤል ነው። እኔ መንገዱን ልጠብቅ፤ እናንተ ስገዱልኝ።”