ቀይ የሆነ ትከሻ

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ያን ስልክ ከፊቴ አንሺ። ከሥራዬ ልታስባርሪኝ ነው የመጣሽው» አሉኝ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑት አዴ ዘይነባ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ሴቱ ሁሉ እየሰማ።

«ኧረ አዴ፣ ትከሻዎን የሚያምዎት ለምን እንደሆነ ለማየት ነው።»

«ማን አመመኝ አለሽ?»

ቦታው አጋሮ መውጫ ላይ ያለ ቡና ማበጠሪያ ነው። ሴቶቹ አጫጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከፍ ብሎ ከሚያልፈው ቤልት ላይ የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። ቀኑን ሙሉ እጃቸው እንደተንጠለጠለ ነው።

እኔ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ የሚባለው ሰፈር ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ኮምፒውተር ስለምነካካ፣ ለሴቶቹ ከፍ ያለ አዲስ በርጩማ ያስፈልግ እንደሆነ እንዳጠና ተቀጠርኩ። እያንዳንዷን ከጎን በስልክ እቀርጻለሁ። ድርጅቱ በሰጠኝ ላፕቶፕ ላይ ያለው ሶፍትዌር ቪዲዮውን አይቶ በአንገት፣ በትከሻና በወገብ ላይ መስመር ያሰምራል። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፤ ቀይ ከሆነ ሰውነት እየተጎዳ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ስልኩን ስደቅን እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ ጥቁሩ ፍሬ ሳይነካ ያልፋል። ፈርተውኝ ነበር።

«ይኸው ሁሉም ደህና ናቸው፤ አዲስ በርጩማ ምን ያደርጋል?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ ደረጀ።

እየቆየ ለመዱኝና እንደ ወትሯቸው መሥራት ጀመሩ። ያኔ ላፕቶፑ ላይ የአዴ ዘይነባ ትከሻ ደም መሰለ። ማስረጃ አገኘሁ ብዬ እየሮጥኩ ለደረጀ አሳየሁት።

«ጎበዝ! ቀይ የሆኑትን ለይልኝ፣ በወጣት እንተካቸዋለን። ከእሷ እንጀምር።»

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ ልንገራችሁ፤ ማሽኑ አያስፈራም፣ ውጤቱን የሚያነበው ሰው ነው የሚያስፈራው።

በማግስቱ አዴ ዘይነባ «ስልክሽ ምን አለ?» አሉኝ። ስልኩን ከኋላዬ ደበቅሁት።

«ገባኝ» አሉ። «ወላሂ፣ የቤቴ አባወራ ዓይናቸው አያይም። ከዚህ ብወጣ ማን ያበላናል?»

«አዴ፣ እስቲ ይነሱልኝ» አልኩና ስልኩን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«እኔ? ብሰብረውስ?»

«ቢሰበር የኔ ነው። ይቺን ቀይ ክብ ይጫኗት።»

በርጩማቸው ላይ ተቀምጬ ለቀምኩ። ቀጥሎ ባዶ ጆንያዎች አጣጥፌ ከሥሬ አደረግሁና እንደገና ለቀምኩ። አዴ ዘይነባ ሁለቱንም ቀረጹኝ።

ደረጀ ቢሮ ገባሁ። ላፕቶፑን ከፈትኩለት።

«ይቺ ቀይ የሆነችው ማናት?» አለ፣ መስመሮቹን ብቻ እያየ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ደረጀ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ትከሻዬን አሞኝ አያውቅም። እዚያ በርጩማ ላይ ቢቀመጡ እርስዎም ቀይ ይሆናሉ። ጆንያው ላይ ስቀመጥ ደግሞ ይኸው፣ አረንጓዴ ነኝ።»

ሁለቱንም ቪዲዮ ደጋግሞ አየ።

«በጆንያ ከተስተካከለ በርጩማም አልገዛ። ዘይነባ ትቆይ» አለ። ትንፋሼን ሳልመልስ ቀጠለ፤ «አንቺ ግን ቀይ ነሽ። ቀይ የሆነ ይሰናበታል ብያለሁ። ከእንግዲህ የሚቀረጽ ነገርም የለም። ላፕቶፑን እዚያው ተዪው።»

ተውኩት።

በቤልቱ በኩል ሳልፍ አዴ ዘይነባ ጆንያው ላይ ተደላድለው እየለቀሙ ነበር። አጠገባቸው ያለችዋም የራሷን ጆንያ ታጥፋለች።

«ኢንተላ፣ ወዴት ነው? ዛሬ አትቀርጪንም?»

«ጅማ ልሂድ፣ አዴ» አልኩና በሩን ወጣሁ።