ቀዩ ጨርቅ የታሰረባት ላም

ሰፈርተኛው «ስጋቷ» ይላታል። በር ቆልፋ መንገድ ከጀመረች በኋላ ልቧ አላርፍ ብሏት ትመለሳለች። ባሏ «አንቺ እኮ የገዛ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» እያለ ይቀልድባታል። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ደግሞም በከንቱ አልነበረም የምትፈራው። የወተት ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ አማቷ ናቸው። ድሮ ነጋዴው አርቢውን ለየብቻ እየያዘ «ወተትሽ ቀጥኗል» እያለ ዋጋ ይሰብር ነበር። አማቷ ጎረቤት አስተባብረው ወተቱን በአንድ ማቀዝቀዣ ታንክ አጠራቀሙና ከፋብሪካ ጋር ተዋዋሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ግን ወተቱ አንድ ላይ ነውና የአንዱ ጥፋት የሁሉም ነው። መርፌ የተወጋች ላም መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ወተቷ ይደፋል፤ እንዳትምታታም እግሯ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ፋብሪካው አንድ ጊዜ ወተቱ ውስጥ መድኃኒት አግኝቶ «ከደገማችሁ ውላችን ፈረሰ» ብሏል። ያኔ አማቷ ደንብ አስወጡ፦ እንዲህ ያለ ወተት የቀላቀለ ከማኅበሩ ይውጣ።

የፈሩት ይደርሳል። አንድ ጠዋት ስጋቷ ወተቷን አስረክባ ባዶ ቢዶኗን እንደያዘች በረት ገባች። ሁለቱ ጥቁር ላሞቿ እህትማማቾች ናቸው፤ የሚለያቸው ከአንደኛዋ ሆድ ሥር ያለ ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች። ቀዩ ጨርቅ የታሰረው ባለ ነጥቧ፣ ጤነኛዋ ላም እግር ላይ ነው። ማለዳ በጨለማ ጨርቁን ብቻ አምና ያስረከበችው መርፌ የተወጋችውን ላም ወተት ኖሯል።

«ጨርቁን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ» አለ ባሏ። «ትናንት ወድቆ አገኘሁትና መልሼ አሰርኩላት። ምነው?»

አማቷ ከደጃፉ ሆነው ሰምተዋል። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እማማ፣ የፋብሪካው ታንከር ሳይመጣ ሄጄ ልንገራቸው።»

«ተቀመጪ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በዚያ ሁሉ ወተት ውስጥ የአንዲት ላም ወተት ማን ያየዋል? በስተርጅናዬ ካቆምኩት ማኅበር ልባረር?»

ስጋቷ ከቅድሙ የባሰ ፈራች። በዕድሜዋ ሙሉ የማይፈራ ሰው የምታውቀው እሳቸውን ብቻ ነበር። ቢዶኑን ጥላ ሮጠች።

ወተት መሰብሰቢያ ጣቢያው ስትደርስ የታንከሩ ሾፌር ቱቦውን እየገጠመ ነበር። «ወተቱን አትሳበው» አለች። ቱቦውን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። የማኅበሩ ሊቀመንበር የታንኩን መክፈቻ ፈታው። የጎረቤቶቿ ሁሉ ወተት በቦዩ ወረደ። ሊያስረክቡ የመጡት አባላት ቆመው ቦዩን ያዩ ነበር። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

«ደንቡን ታውቃላችሁ» አለ ሊቀመንበሩ። «ትውጣ የምትሉ እጅ አውጡ።»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ከኋላ አንድ እጅ ብቻ ወጣ፤ እያለከለኩ የደረሱት አማቷ ነበሩ። ስጋቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«የአባልነቱ ስም የእኔ ነው» አሉ። «ዝም በይ ያልኳትም እኔ ነኝ። እኔን አስወጡና ስሙን ለእሷ አዙሩት።»

በማግሥቱ ስጋቷ በራሷ ስም ልታስረክብ ተነሣች። አማቷ በረት ውስጥ ጎንበስ ብለው የላሟን ሆድ ያያሉ።

«ልጄ፣ ዓይኔን አላምነውም። ነጥቡ አለ?»

«አለ፣ እማማ።»

ቢዶኗን ተሸክማ ደጅ ደረሰች። ከዚያ አስቀመጠችውና እንደገና ልታይ ተመለሰች። ባሏ አልሳቀባትም።