የእናቴ ዝተት አራተኛው ቁራጭ

እናቴ የምትለብሰው ዝተት በዕድሜ ከእኔ በጥቂቱ ይበልጣል። ከጥቁርና ከነጭ የበግ ጠጉር የተሸመነ፣ ክብደቱ አንድ ወይፈን የሚያህል ብርድ ልብስ ነው። የመንዝ ብርድ እሱን ሲያይ ከደጅ ይመለሳል። ውስጡ ያሉት ቁንጫዎች ግን ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ባላባቶች ናቸው፤ ንቅንቅ አይሉም።

እናቴን የምታስታምመው እህቴ መረራት። «ወይ እሱ ይቃጠላል፣ ወይ እኔ እወጣለሁ» አለች።

«ሳልሞት እሳት አይነካውም» አለች እናቴ።

አፌ ቀደመኝ። «እማዬ፣ መልኩን በጥልፍ ላውጣልሽና ትራስሽ ላይ ይሁን፤ ዝተቱ ይሂድ።» ጥልፍ የተማርኩት አንደኛ ደረጃ ሳለሁ፣ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። ያኔ የጠለፍኩትን ዶሮ መምህሩ ጥሩ ኮርቻ ነው ብለው ማርክ ሰጥተውኛል።

እናቴ ዐይኗ ከደከመ ቆይቷል። «ዳስሼ የኔ መሆኑን ካወቅሁት ይሂድ። ካላወቅሁት አብሮኝ ይቀበራል» አለች።

መሐል ሜዳ ገበያ ሄጄ ወንፊት የመሰለ የጥልፍ ጨርቅና የሹራብ ክር ገዛሁ። እጇ እንዲለየው ጥቁሩን በወፍራም፣ ነጩን በቀጭን ክር ያዝኩት። ደጅ ቁጭ ብዬ ስጠልፍ የንስሐ አባታችን መጡ።

«ዛሬ ጥልፍ ይዘሃል፤ ነገ ደግሞ ቀሚስ ትለብሳለህ» አሉኝ።

«አባ፣ እርስዎ ለብሰው ምን ሆኑ?»

«ይፍታህ» ብለው ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፈኑ።

ሦስት ሳምንት ጣቴን ስወጋ ከረምኩ፤ የፈሰሰኝ ደም አንድ ሆስፒታል ያኖር ነበር። ዝተት ማለት ሸማኔ ጠበብ ጠበብ አድርጎ የሸመነው ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ የሚሠራ ነው። የእኛው ስድስት ቁራጭ አለው። አራተኛው ተገልብጦ ስለተሰፋ ጥቁር መስመሩ ከጎረቤቶቹ ጋር አይገጥምም። እኔ ሊቁ፣ ጥልፉ ላይ አስተካከልኩት።

እናቴ በጣቷ ሄደችበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ቆመች።

«ይኼ የሰው ነው።»

«ስሕተቱን አርሜልሽ ነው እንጂ የራስሽ ነው።»

«ማን አርም አለህ? እሱን ቁራጭ ስሰፋ ነው በአንተ ምጥ የያዘኝ። የቀረውን ጎረቤት ጨረሰችው። መገልበጡን ያየሁት አንተ ተጠቅልለህበት ነው።»

«ዋናው ስሕተትስ የተጠቀለለው ነው» አለች እህቴ።

ፈትቼ እንደገና ጠለፍኩት፤ አራተኛውን ገለበጥኩት። እናቴ አሁንም ዳሰሰች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ረጅም ጊዜ ቆየ።

«የኔ ነው» አለች። ቃሏን አላጠፈችም። «በሉ ውሰዱት» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እህቴ ክብሪት ስትፈልግ እኔ ወይፈኔን ተሸክሜ በጓሮ በኩል ሹልክ አልኩ። አሁን ዝተቱ እኔ ቤት፣ አልጋዬ ላይ ነው። ሚስቴ ከልጆቹ ጋር መተኛት ጀምራለች። ቁንጫዎቹ ከተወለድኩበት ቀን ጀምሮ ስለሚያውቁኝ እንግዳ አላደረጉኝም።

ባለፈው እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ጀርባዬን ሳክ ሰማችኝ። ትራሷ ላይ ያለውን ጥልፍ ዳሰስ ዳሰስ አደረገች።

«አራተኛውን ደረትህ ላይ አውለው» አለችኝ ቀስ ብላ፣ እህቴ እንዳትሰማ። «እሱ ጋ ይሞቃል።»