አልማዝ የነፋችው ጥሩንባ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ዝናቡ ድምፄን እንዳይውጠው። የዘንድሮ ክረምት ያንን የደርግ ጊዜ ነሐሴ አስታወሰኝ። ኮልፌ ወንዙ ሞልቶ የጎረቤቴን የየሺን ቤት ከነነፍሷ ጠራርጎ ወሰደው። አስከሬኗ እንኳ አልተገኘም። የአሥር ዓመት ልጇ አልማዝ የዚያን ዕለት እኔ ቤት አድራ ተረፈች።

ታዲያ ለሕፃን መርዶ ማን ይንገር? ሰፈርተኛው ተማክረን፣ «እናትሽ ጎጃም ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች» አልናት። «እሺ» አለች። እኔም እሷ ፊት እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሼ ሰነበትኩ።

አንድ ጠዋት የእድራችን ጥሩንባ ጮኸ። ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀን «ማን ሞተ?» እያልን ወጣን። ጥሩንባ ነፊው ጋሽ ታደለ ግን ባዶ እጃቸውን ከቤታቸው ብቅ አሉ።

«ኧረ ጥሩንባዬን ማን ወሰደው?»

ያን ጊዜ ያለ ቀበሌ ፈቃድ ሰው መሰብሰብ ያሳስራል። አብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን አቀባብሎ ደረሰ።

«ይህን ሰው የሰበሰበ ማነው? ይውጣ!»

አልማዝ ጥሩንባውን በሁለት እጇ ታቅፋ ከአጥሩ ጀርባ ወጣች።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ማን ሞተብሽና ነው?»

«እናቴ» አለችው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች፤ «እናንተ ዝም ስትሉ ጊዜ እኔ ነፋሁላት።»

ጥበቃው ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ቆቡን አወለቀ። ድንኳን ተተከለ፤ ሦስት ቀን ከልጅቷ ጋር አለቀስን።

ጋሽ ታደለ አርፈዋል። ጥበቃው አገሩ ገባ። አልማዝ እኔው ጋ አድጋ ተዳረች፤ አራት ወልዳ ሳንሱሲ ትኖራለች።