መጋዘን ውስጥ የወለድኩት ልጅ

ያሳሰረኝ አፌ ነው። ሌላው ሰው በጠመንጃ ይታሰራል፣ በወረቀት ይታሰራል፤ እኔ የታሰርኩት ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ በለቀቅኳት አንዲት ቀልድ ነው።

ጦርነቱ ቆቦን ከእጅ ወደ እጅ የሚያቀባብልበት ጊዜ ነበር። በዚያ ሰሞን ከተማዋን የያዙት ሰዎች ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ሰበሰቡንና መብራት በቅርቡ ይመጣል አሉን። ወፍጮው ከቆመ ሰንብቷል፤ ሴቶቹ ማሽላውን በድንጋይ እየፈጩ ክንዳቸው ዝሏል። እንደ ሰው አጨብጭቤ ቤቴ መግባት ስችል፣ «ኧረ አትቸኩሉ፤ በጨለማው ነው የምታምሩት» አልኩ። ሕዝቡ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። ቀልዴ እንዲህ ፈጥኖ ሰው ጋ ደርሶ አያውቅም።

የወሰዱኝ ወደ እህል መጋዘን ነው። በደህናው ጊዜ ማሽላዬን አስመዝኜበታለሁ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ነው። ከእሱ ሥር ሌላ ሽታ ነበር፤ የሚበላሽ ሥጋ ሽታ። ቆርቆሮው በቀትሩ ፀሐይ ይንጣጣል። ከፍ ብሎ ወንፊት ሽቦ የተመታበት አንድ መስኮት አለ። ጥግ ላይ ባዶ ጆንያ ተነጥፎ አንድ ወጣት ተኝቷል፤ ዝንቦቹ ከግራ ጭኑ ላይ አይነሱም።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ፣ ዝንቦቹንም ጨምሬ።

«ደህና ነዎት አባባ? እዚህ ይሻላል፣ እዚያ ጋ ያፈሳል» አለኝ።

ያ ቆላ ዝናብ ካየ ስንት ጊዜው! ትኩሳቱ መሆኑ ገባኝ። ሌላም ነገር ገባኝ፤ አማርኛው ከሩቅ የመጣ ነው። እኔ ደንቆሮው በሁለት ቃል ካወቅኩት ማንም ያውቀዋል ማለት ነው።

ትኩሳት የያዘው ሰው ምስጢር አይችልም፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሁሉን ነገረኝ። ወታደር ነው። አገሩ የጋሞ ደጋ ነው። ሮቢት አካባቢ ተመታ፤ ጓደኞቹ ሲያፈገፍጉ ቀረ። አንዲት ሴት የማሽላ አገዳ ክምር ውስጥ ደበቀችው፤ የደንብ ልብሱን አቃጥላ የባሏን ሱሪ አለበሰችው። ባልየው አጭር ሰው መሆን አለበት፤ ሱሪው የወጣቱ ጉልበት ላይ ቀርቷል። ሲፈትሹ አገኙት። «ገበሬ ነኝ፤ ማሽላ ሳጭድ ፍንጣሪ መታኝ» አላቸው።

«አመኑህ?» አልኩት።

«አላመኑም። ግን ውሸታም ነህም ገና አላሉኝም።»

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በሬ እንኳ ሲታመምብኝ ጎረቤት ነው የምጠራው። ግን ከዚያ ሽታ ጋር መተኛት አልቻልኩም። ሽርጤን እየቀደድኩ በጨው ውኃ አጠብኩለት። በመጨረሻ ከሽርጤ ለክብሬ የምትበቃ ቁራጭ ብቻ ቀረችኝ፤ ክብሬም ብዙ ጨርቅ አይፈልግም ነበር።

ምግብ የምትልክልኝ ባለቤቴ ናት፤ የሚያቀብለን ጠባቂው። ጎልማሳ ነው፣ እሱም የራያ ሰው፣ ከወዲያኛው በኩል። ጦርነቱ ወዲህና ወዲያ ሳያደርገን በፊት ከአፋሮቹ ግመል የምንገዛው አንድ ገበያ ላይ ነበር። ሰላምታ ላይ ጉንጬን ሊስም ይቃጣውና ጠመንጃው ትዝ ሲለው ይተወዋል።

«ለባለቤቴ ማር ላኪ በልልኝ» አልኩት።

«ለምንዎ ነው?»

«ድምፄ እንዲያምር። ነገም ልቀልድ አስቤያለሁ።»

ወደ ወጣቱ ጭን አየና ሄደ። ማሩ በሽሮፕ ጠርሙስ መጣ። በዚያ ችጋር ከየት እንዳገኘችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ሌላ ጊዜ እኔ ለራሴ ስጠይቃት ማር ያለበት ቤት አታውቅም ነበር። ቁስሉን በእሱ እየቀባሁ አሰርኩት፤ እየዋለ እያደረ ሽታው ቀነሰ፣ ትኩሳቱ በረደ፣ ወጣቱም ቆርቆሮው እንደማያፈስ ገባው።

አንድ ጠዋት ጠባቂው እንጀራውን ሲያቀብለኝ እጁን ቶሎ አላነሳም።

«ነገ እስረኛው ሊለይ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «የአገር ሰው የሆነ፣ ዘመድ የሚምልለት ይወጣል። ዘመድ የሌለው መኪና ላይ ይጫናል።»

«ወዴት?»

የጠመንጃውን ማንገቻ አስተካከለ። «እኔም አልጠየቅኩም።»

ወጣቱ ሰምቷል።

«ልጄ ነው እላቸዋለሁ» አልኩት።

«ይምላሉ?»

ስዋሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ዋሽቼ ነው ያገባሁት። የማሽላዬን ቁመት ስናገር ግመል ከነጭነቱ ይሰወርበታል። መሐላ ግን ሌላ ነው። አባቴ ደም የሚያስታርቁ ሽማግሌ ነበሩ፤ በሐሰት የማለ ሰው ዘሩ ይጠፋል፣ የላሙ ጡት ይደርቃል ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አፌ በሁሉ ይጫወታል፤ ወላሂ ለማለት ሲነሣ ግን ምላሴ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ይህን ደግሞ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

እስከ ቀትር ተቀምጬ አሰብኩ፤ ማሰብ ስለማላዘወትር ራሴን አመመኝ። ከዚያ ዓይኔ የሽሮፑ ጠርሙስ ላይ አረፈ። ከታች ትንሽ ማር ቀርቷል።

በእኛ አገር ሰው ልጅ የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛውን ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው በማር ነው። አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ያስነካል፤ ልጅ የሚሆነው ጣቱን ይጠባል፤ ምስክር ቆሞ ያያል። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጅ ይባላል። ይወርሳል፣ ይቀብራል፣ ማንም አይፍቀውም። ሼኻችን ነገሩን አይወዱትም፤ ቢሰሙ ይቆጡኛል። ግን ስንት ደም የተቃባ ቤት በዚህች ጣት ታርቋል።

ለወጣቱ ነገርኩት። የአንገቱን ማተብ በጣቱ ነካ።

«አባቴ ሞቷል» አለ። «እናቴ ግን አለች። ትቀየመኝ ይሆን?»

«እናትህንማ አልነካሁም፤ ሚስቴ ትገድለኛለች።»

እዚያ ከገባሁ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ግን ምስክር የለንም። መጋዘኑ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ውጭ ያለው ጠባቂው ነው። እሱ ለአለቃው አንዲት ቃል ቢተነፍስ ወጣቱ ብቻ ሳይሆን እኔም መኪናው ላይ ነኝ። ያለ ምስክር ደግሞ ማሩ ማር ብቻ ነው። ጆንያ ቆልዬ ላዩ ላይ ወጣሁና በመስኮቱ ጠራሁት።

«ና እስቲ፣ ጉድ ተመልከት።»

«ምን?»

«ሽማግሌ ሲያጠባ።»

እየሳቀ መጥቶ ከውጭ ድንጋይ ላይ ወጣና ግንባሩን ወንፊቱ ላይ አስደገፈ። ጣቴ ላይ ማሩን አየ። የራያ ሰው ነው፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሳቁ ጠፋ። ግቢውን ዞር ብሎ አየ፣ እንደገና እኛን አየ።

«አንቱ ሰውዬ፣ አበዱ እንዴ?»

«ልትሄድ ትችላለህ» አልኩት። «ከቆምክ ግን አይተሃል።»

አልሄደም።

ጣቴ የነቀዝ መድኃኒትና የቁስል ሽታ ነበረው። ወጣቱ ተደግፎ ተነሣና ትኩሳት የሰነጠቀው ከንፈሩ ውስጥ አስገባው። ጠባ። እንደ ሕፃን አልነበረም፤ ሰው ሊሰምጥ ሲል ገመድ እንደሚይዝ ነው የያዘኝ፤ ጥርሱ ቆዳዬን አልፎ ገባ። አልጮህኩም። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እሾህ ሲወጋኝ ሰፈር የምሰበስብ ሰው ነኝ።

«ልጄ ነህ» አልኩት። «ቤቴ ቤትህ ነው። ስሞት ትቀብረኛለህ።»

«እቀብርዎታለሁ።»

ቀና ስል መስኮቱ ላይ ሰው የለም። ምን ይዞ እንደሄደ እስኪነጋ ሳስብ አደርኩ።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ፣ ኒም ዛፉ ሥር፣ አለቃው የተማሪ ዴስክ ላይ ተቀምጧል። የአገሩ ሰው አይደለም፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። የጭነት መኪናው ሞተሩ አልጠፋም። ጠባቂው ከአለቃው ጀርባ ቆሟል፤ እኔን አያይም። ወጣቱ ትከሻዬን ተደግፏል፤ በእርግጥ ማን ማንን እንደደገፈ ለማየት አስቸጋሪ ነበር።

«ይሄ ማነው?» አለ አለቃው።

«ልጄ።»

«አንተ ሙስሊም ነህ። እሱ ማተብ አስሯል።»

አንተ ማለቱ ዕድሜዬን ቀነሰልኝና ትንሽ ደስ አለኝ። «እናቱ ክርስቲያን ናት» አልኩ። ደግሞም ናት። እንዲህ ያለ ቤት በእኛ አገር ማንንም አይገርምም።

ወደ ወጣቱ ዞረ። «አንተ ተናገር። ይሄ ሽማግሌ ምንህ ነው?»

«አባቴ ነው።»

ሁለት ቃል ብቻ ናት፤ ግን የጋሞን ደጋ ከነጭጋጉ ይዛ ወጣች። አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይሄ አማርኛ የቆቦ አይደለም።»

የመኪናው ሞተር ብቻ ይሰማል። የምለው ቀልድ ፈለግኩ። አፌ ውስጥ የነበረው ሁሉ ጠፍቷል፤ ያስያዘኝ አፍ የምፈልገው ዕለት ጥሎኝ ሄደ።

«ይህ ሽማግሌ በሁሉ ይቀልዳል፣ በሐሰት ግን አይምልም ብለውኛል» አለ አለቃው። «ማል።»

«ወላሂ፣ ልጄ ነው።»

ምላሴ አልከበደኝም። የተነከሰው ጣቴ ብቻ ትር ትር ይላል።

አለቃው ወደ ኋላው ሳይዞር ጠባቂውን፣ «አንተ የዚህ አገር ሰው ነህ። ልጁ ነው?» አለው።

ጠባቂው የማንገቻውን ማሰሪያ ነካ፣ ተወው። ያን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ።

«ልጁ ነው» አለ። «እኔ ምስክር ነኝ።»

አለቃው አላመነም፤ ፊቱ ይናገራል። ግን መሐላና ምስክር አንድ ላይ መጥተውበታል።

«እሺ። የአንተ የአፍህ ጉዳይ ገና አልተዘጋም» አለኝ። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዛሬ ትወጣላችሁ። አንዳችሁ እዚህ ትቀራላችሁ። ምረጥ።»

ወጥመዱን አየሁት፤ የውሸት አባት ራሱን ይመርጣል። ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ጉልበቴ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄዶ ነበር፤ በጆሮው መልሼ አመጣሁት።

«እሱ ይውጣ። እሱ ቁስል አለበት፤ እኔ ያለብኝ አፍ ብቻ ነው።»

የአለቃው ከንፈር ጫፍ የተነቃነቀ መሰለኝ። ወጣቱን በእጁ ሂድ አለው።

ወጣቱ አልሄደም። በዚያ እግሩ፣ ሁሉም እያየ፣ ዝቅ አለና ጉልበቴን ሳመ። ከመጎንበሱ መነሣቱ ቆየ። ሊያነሣው ማንም አልቀረበም፤ እኔም እንድነካው አልፈለገም። ራሱ ተነሣ።

ባለቤቴ በር ላይ የአህያ ጋሪ ይዛ ቆማለች፤ የመጣችው እኔን ልትወስድ ነው። ጠባቂው፣ «ልጅሽን ውሰጂ» አላት። የማታውቀውን ሰው አየች። እኔን አየች። አለቃውም ከሩቅ ያያታል። ስለ ማሩም ስለ ልጁም አንድ ቃል አልነገርኳትም።

«ውይ ልጄን!» አለች። «ምን እንዲህ አከሳህ? አባትህ የላክሁትን ብቻውን ነበር የሚበላው?»

በዚህ ሁሉ ዘመን ከተሰደብኳቸው ስድቦች እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

መኪናው ከየቦታው የለቀሟቸውን ሌሎች እስረኞች ጭኖ ሄደ። ስለ እነሱ እስከ ዛሬ የሰማሁት የለም። እኔ ከተማዋ እንደገና እጅ እስክትለውጥ መጋዘኑ ውስጥ ቆየሁ፤ በቀልዴ የሚስቅልኝ ነቀዝ ብቻ ነበር። ስወጣ ልጁ አልጋዬ ላይ ተኝቶ፣ ወተቴን ጠጥቶ አገኘሁት፤ ሚስቴም «ደሞ አንቱ የት ይተኙ?» አለችኝ። እስኪያገግም መሬት ላይ ተኛሁ። ሲነሣ በምርኩዝ ማሳ ድረስ እየወጣ ግሪሳ ያባርርልኝ ነበር፤ ወንጭፍ አያያዙ አሳፋሪ ነው፤ ወፎቹ ግን እንግዳ ስለሆነ አከበሩት።

መንገዱ ሲከፈት ወደ እናቱ ሄደ። አሁንም ያነክሳል። በዒድም በፋሲካም ይደውላል። እናቱንም ያቀርብልኛል፤ በቋንቋዋ ረጅም ነገር ትነግረኛለች፣ እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። ምን ምን ላይ እንደተስማማሁ አላህ ይወቅ።

መብራቱም መጣ። ወፍጮውም ይፈጫል። በቀደም ትልቁ ልጄ መሬቱን ለልጆቼ እንዴት እንደማካፍል ሳሰላ አየኝና ጠየቀኝ።

«አባ፣ እውነት ለዚያ ለጋሞው ልጅም ይደርሰዋል?»

«ይደርሰዋል።»

«አንቱ ሲቀልዱ ይሆናል እኮ። ምስክርዎ ማነው?»

ከተማዋ እጅ ስትለውጥ ጠባቂው ከሰዎቹ ጋር ሄደ። በሕይወት ይኑር አላውቅም። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም፤ ያን ያህል ስለፈልፍ ከርሜ።

ስለዚህ በገበያ ቀን ቆቦ እወርዳለሁ። ግመል አልገዛም፤ ግመል ተራው አጠገብ ቆሜ የዚያን ጠባቂ ፊት እፈልጋለሁ። ልጆቼ አረጀ፣ ዋለለ ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም። ባገኘው ብዙ ለማውራት አላሰብኩም፣ ለእኔ ከባድ ቢሆንም። አውራ ጣቴን ብቻ አሳየዋለሁ። የልጁ ጥርስ ምልክት ጠፍቷል፤ ጠባቂው ግን የት ላይ እንደነበረ ያውቃል።