የመለስነው መግነዝ

ነፋስ ስልክ ሰፈር ለምታውቋቸው ሁሉ፤ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ማርታ ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ቀብራቸው ላይ ያልደረሳችሁ አላችሁ፤ የደረስነውም ብዙ አልነበርንም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በመሠረተ ትምህርት ነውና አጻጻፌን በትዕግሥት እዩልኝ።

ከአዲግራት በኩል የመጡ ካቶሊክ ነበሩ። ቅዳሴያቸው በግዕዝ፣ ነጠላቸው እንደኛው። ሰፈሩ ግን «ካቶሊኳ» እንጂ በስማቸው አይጠራቸውም። አንድ ሁዳዴ «ወተት ሲገዙ ታዩ» ተብሎ ስንት ተወራ! ወተቱ ጡቷ ለነጠፈባት ለጎረቤታቸው አራስ ልጅ ነበር።

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?» ብላቸው፣

«እሷ ታፍራለች፣ ጋሼ። እኔ እንደሁ ሐሜቱን ለምጄዋለሁ» ብለው የስፌት መኪናቸውን መርገጥ ቀጠሉ።

ያኔ አቡጀዲ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነው፤ እሱም ሲገኝ። እትዬ ማርታ ለራሳቸው መግነዝ ብለው ያስቀመጡት ነበራቸው። ባለቤቴ ስታርፍ ሱቁ ባዶ ሆነብን። እሳቸው ያንን ከሳጥናቸው አውጥተው፣ ሰፍተው፣ አጥፈው ላኩልኝ። የእድራችን ዳኛ ዳሰስ አደረገውና፣

«የማን ስፌት ነው?» አለ።

«የማርታ።»

«የካቶሊኳ? ምነው በቀለ! ቆርባ የሞተችን ሴት በመናፍቅ ስፌት ልትገንዛት?»

ለቀስተኛው ይሰማል። እኔም መግነዙን አጥፌ ከጎኔ አኖርኩት። ባለቤቴ በጋቢዋ ተገነዘች። መግነዙን የመለስኩት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ። እትዬ ማርታ ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«አጠረ እንዴ?»

«አዎ፣ አጠረ» አልኳቸው።

«አይ! ቁመቷን በዓይኔ ገምቼ እኮ ነው። ይቅር በለኝ፣ ጋሼ።»

እሳቸው እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ።

ዓመት ቆይቶ ጎረቤታችን የነበረ አንድ ወጣት መምህር ከእስር በተፈታ በሳምንቱ ራሱን አጠፋ። እድሩ ጥሩምባ አላስነፋም። ካህናቱም «ፍትሐት የለውም» አሉ። እናቱ ሬሳውን ይዛ ብቻዋን ተቀመጠች። እኛ ከበሩ ውጭ ቆመን ስንንሾካሾክ እትዬ ማርታ ያንን መግነዝ በብብታቸው ይዘው መጡ።

የእድሩ ዳኛ፣ «ኃጢአቱን አልሰሙም እንዴ?» አላቸው።

«የበደለውን እግዜር ያየዋል፤ እኔ የማየው ዕርቃኑን ነው» ብለውት ገቡ።

የራሳቸው ቄስ እንኳ ለምን ገነዝሽው ብለው እንደተቆጧቸው ኋላ ሰማሁ። ለራሳቸው ሌላ አቡጀዲ ሳይገዙ ሞቱ፤ በነጠላቸው ነው የተገነዙት።

ነገሩ ሲከብደኝ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ነበር። «አባ፣ የሙት ልብስ መለስኩ፤ ዋሸሁም፤ ቀኖና ይስጡኝ» ብላቸው፣ «ከመናፍቅ መራቅ ኃጢአት አይደለም ልጄ፤ እንኳን ተጠነቀቅህ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይብስ ከበደኝ። ኃጢአት አይደለም የተባልኩትን ማን ይፈታኛል?

እትዬ ማርታ፣ እርስዎ ይፈቱኝ ነበር። ልነግርዎ ስንት ቀን ከደጅዎ ደርሼ «እንዴት ዋሉ?» ብዬ ብቻ አልፌያለሁ። እርስዎም «እግዜር ይመስገን፣ ጋሼ፣ ግባ እንጂ» ይሉኝ ነበር። አልገባሁም። አምላክ ነፍስዎን በደጋጎቹ መካከል ያኑራት። አሁን ሰው ሁሉ እየሰማኝ ልንገርዎ፦ መግነዙ አላጠረም ነበር። ልኳ ነበር፣ እትዬ።